የእንደሻው ወገብ

እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅበላ

የዛሬውን ውል ጽፌ ላስቀምጠው፤ ኋላ "እንዲህ አላልኩም" ይለኛል። እንደሻው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የገዛ ቃሉን እንደ ቀመር ማገላበጥ ያውቅበታል።

ነገሩ የተነሳው ከዶሮው ነው። ሦስተኛ እንጀራ ሲጨምር አየሁና "ታደሰን አስብ እንጂ!" አልኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ታደሰ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ስኳር በሽታ መጀመሪያ የእግሩን ጣት፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ ራሱን ወሰደው፤ ሃምሳ እንኳን አልሞላውም። እንደሻው በሰኔ አርባ ዘጠኝ ይሞላዋል። ቦርጩ የወንድሙ ቦርጭ፣ አበላሉም የወንድሙ አበላል ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት ስወጋ እውላለሁ፤ የባሌን ጣት ግን አንድ ቀን ወግቼ አላውቅም። መርፌዋን ገና ከቦርሳዬ ሳወጣ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። ታደሰን የገደለው "ስኳር አለብህ" የተባለበት ቀን ነው ብሎ ያምናል። የተማረ ሰው ነው እንግዲህ!

ዛሬ ግን ራሱ አመጣው። "ጣቴን ተይና ቦርጬን ለኪ፣ አቦ! የወንድ ወገብ ከመቶ ሁለት ሳንቲሜትር ካለፈ አደጋ ነው የምትይው አንቺ አይደለሽም? ለፋሲካ ከመቶ ሁለት በታች ካወረድኩት ስለ ደሜ ሁለተኛ አታነሺም። ካቃተኝ አሥሩንም ጣቴን ትወጊያለሽ።"

ተስማማሁ። ያ ቦርጭ ከወረደ ሌላው አብሮ ይወርዳል፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ሜትሩን አምጥቼ ከመጨረሻው ጎድኑና ከዳሌው አጥንት መካከል አዞርኩ። ትንፋሹን ሰብስቦ ሆዱን ወደ ጀርባው ሊያስገባው ሞከረ። "ተንፍስ!" አልኩት። ተነፈሰ። መቶ አሥራ ሁለት።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። የከተማው የውፍረት ጥናት የሚሠራውም በዚሁ ወር ነው። እንዲህ ያለ ቀን የሚቆርጠው ማን ነው? አለቃዬን አቶ ዘላለምን ብጠይቀው (ታናሼ ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም) "መርሐ ግብሩ ከላይ ነው የመጣው" አለኝ። ከላይ ውሃ ቢመጣልን ይሻል ነበር፤ ቧንቧው ከደረቀ ሰነበተ።

የደረሰኝ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ነው። አብራኝ የምትሠራው ናፊያ የጀጎል ልጅ ናት፤ በር የምታስከፍተኝ እሷ ናት። ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ ሜትር፣ ደግሞ በሁለት እጅ የሚጨበጥ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፎ የስቡን መጠን የሚገምት ማሽን ተሸክመን በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ስንዞር ዋልን።

ሐጃ ዘይነባ ቤት ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት ቆየን። ሴትየዋ ከላይ ቀሚስ፣ ከሥር ቀሚስ፣ ከዚያም ሥር ሱሪ ለብሰዋል። በዚያ ሁሉ ጨርቅ ላይ ሜትር ባዞር የምለካው ጨርቁን ነው። ናፊያ በሩን ዘግታ፣ መጋረጃ ጥላ፣ ለምና አስወለቀችልኝ። ልክ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለናፊያ ስናገር ሐጃ እጄን ያዙኝ።

"ሲስተር፣ አላህ ይይልሽ፣ እንዲህ ታወጪዋለሽ? መጀመሪያ ማሻአላህ በይ! ከዚያ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ሥጋዬን ዓይን ውስጥ ልትከቺው ነው?"

ከዚያ ወዲያ በየቤቱ መጀመሪያ ማሻአላህ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ በሹክሹክታ። ናፊያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ግን ደክሞኛል። ውፍረት አደጋ መሆኑን ላስተምር ሄጄ ውፍረቱን እየመረቅሁ ተመለስኩ።

እሑድ፣ የካቲት 15

መቶ አሥር! በአንድ ሳምንት ሁለት ወረደ። እንደሻው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ማታ ማታ በግንቡ ዙሪያ ይራመዳል። "ሒሳብ ነው" ይላል፤ ወገቡን በሰሌዳ የሠራው ይመስል።

የክብደትና የቁመት ስሌቱን አልወደደውም። ኪሎን ለቁመት፣ ያንኑ እንደገና ለቁመት ማካፈል ምን ማለት ነው ብሎ ራት ላይ አፋጠጠኝ። "እኔና አንድ ጡንቸኛ ወታደር እኩል ብንመዝን እኩል ወፍራም ነን? ኪሎው ከየት እንደመጣ የማይጠይቅ ምን ዓይነት ቀመር ነው?" እውነቱን ነው፤ ለዚያ ነው ሜትር የምንጨምረው አልኩት። ደስ አለው። ልክ መሆን ይወዳል።

እማማ ገላነሽ በአጥር ብቅ ብለው "ልጄ፣ ባልሽ ፊቱ መጠጠብኝ፤ ምነው?" አሉ። እኚህ ጎረቤታችን እኔን ባለ ሰማንያ አራት ኪሎዋን እንኳን "ከሳሽ" ነው የሚሉኝ። ሰው ካልደለበ ታሟል። "ጾም ነው፣ እማማ" ብያቸው ገባሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ተናደድኩ። ሁለት ጄሪካን ውሃ በብር አስመጥቼ ለመጠጥ ብቻ ብዬ አስቀመጥኩ። ዛሬ አንዱ ባዶ ነው! "ጠማኝ" ይለኛል። ሌላው ሰው አይጠማውም? አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ፣ ሰባት ሰዓት ላይ የተነሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ የተነሳ፤ እየተነሳ ይጠጣል፣ እየተነሳ ይሸናል፤ እኔም አብሬው እነቃለሁ። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ጀጎል ገባሁ።

ያ የእጅ ማሽንም አበሳጨኝ። ጠምቶት የዋለ ሰው ሲይዘው የሌለ ስብ ይጨምርበታል። ከተማው በሙሉ ጠምቶት በሚውልበት ወር!

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ዛሬ ሃያ ሰው። ሚዛኑ ባትሪ ጨረሰ። አቶ ዘላለም ሦስቴ ደወለ።

መጸዳጃ ቤቱን ጉንዳን ወርሮታል። የት አባቱ መጣ? በረኪና ደፋሁ። የጎረቤት ልጆች ሽሮፕ ደፍተው ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 29

መቶ ሰባት። መቶ ሰባት!

ትናንት ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ወስጄው ሱሪዎቹን አስጠበብን። ልብስ ሰፊው አንገቱን እየነቀነቀ "ጋሼ፣ ይህችን ባለፈው መስከረም አስፍቼ ነበር፤ ሰላም ነው?" ሲል እንደሻው ደረቱን ነፋ፣ "ሚስቴን ጠይቃት" አለው። ኮራሁ። ባሌ በሰው ፊት በእኔ ሥራ ሲመካ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ደግሞ ራሱ ነው አሁን ሜትሩን የሚያመጣው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሸሚዙን ወደ ላይ ይይዝና ይቆማል። ስንት ዓመት እየጮህኩ ያላገኘሁትን በአንድ ውል አገኘሁት። ለምን ቀድሜ አላሰብኩትም?

ትንሽ ደክሞታል። ከግንቡ ዙርያ ግማሹን ብቻ ተራምዶ ተመለሰ። ጾም ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬ ማልቀስ ቃጣኝ።

አቶ ዘላለም ጠርቶ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋው። "ሲስተር ዕፀገነት፣ የእርስዎ ሰዎች በወገብ ወፍራም፣ በሚዛን ቀጭን ናቸው። ይህ እንዴት ይሆናል?" አለ። አየሁት፤ እውነት ነው። ከናፊያ ጋር ቁጭ ብለን ቤት በቤት አስታወስን። ምክንያቱን ያገኘችው እሷ ናት።

ምንጣፉ ነው። ሐረሪ ቤት ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው፤ ወለሉ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የተወለወለ ነው። መንገድ ለመንገድ ስንጎትተው የዋልነውን ሚዛን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ነውር ሆኖብን፣ ባለቤቶቹም "እዚህ ላይ አድርጉት" እያሉ ምንጣፍ ሲያነጥፉልን፣ እሺ ስንል ሰነበትን። ሚዛን ለስላሳ ነገር ላይ ሲቆም አሳንሶ ያነባል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። እኛም እናውቃለን። ግን ይሉኝታ ያዘን። ሌላም ነገር አለ፦ ሴቶቹ ቁጥሩ ሲያንስ ደስ ይላቸው ነበር፤ "ረመዳን ነው፣ ቀነስኩ፣ አልሐምዱሊላህ" ይሉናል፤ እኛም ደስ ይለናል። ደስ ያሰኘውን ቁጥር ማን መልሶ ይጠይቃል? ናፊያን ቆጣኋት። "የወረደ ቁጥር ሁሉ መልካም ነው ብሎ ያስተማረሽ ማን ነው?" አልኳት። ልጅቷ "እርስዎም አብረው ነበሩ፣ ሲስተር" አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው።

ሁሉም ቤት እንደገና ይለካል። ሚዛኑን የምንጠቀልልበት ንጹሕ ሰሌን ገዛሁ፤ ከሚዛኑ ሥር የሚቀመጥ ጣውላም አስቆረጥኩ።

ቤት ስደርስ እንደሻው የተማሪ ፈተና ሲያርም አገኘሁት፤ ወረቀቱን ከአፍንጫው አስጠግቷል። "ልጆቹ በምን እስክሪብቶ እንደሚጽፉ እንጃ፣ ይደበዝዝብኛል" አለ። መነጽር አድርግ አልኩት። ዕድሜ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 11፣ ዒድ

ናፊያ ቤቷ ጠራችን። ስለተቆጣኋት አፍሬ ነበር፤ ሄድን። ሐጃ ዘይነባ ለካ የእናቷ እህት ናቸው! እስካሁን ያልነገረችኝ "በቁጥሩ እንዳያዳሉላቸው ብዬ ነው" ብላ ነው። ለእኛ ጾመኞች ለብቻ ምስርና ሩዝ ሠርተዋል። እንደሻው ምግቡን ነካ ነካ አደረገና ለስላሳ መጠጥ ላይ ተጣበቀ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን፣ ያንን ጨርሶ ሌላውን። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። በሰው ቤት!

ስንወጣ ሐጃ ወደ ጎን ሳቡኝ። "ይኸ ሰው ምን ሆኖብሽ ነው? ልብሱ የሌላ ሰው ይመስላል።" ጾም፣ እግር መንገድ፣ ውል፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። "ኢንሻአላህ" አሉኝ። እንደ ስምምነት አልመሰለኝም።

እዚህ አገር ሲወፍሩ ማሻአላህ፣ ሲከሱ ምን ነካህ! አንዲት ሰው እንኳን "ጎበዝ" ብትለኝ ምን ነበረበት?

እሑድ፣ መጋቢት 20

መቶ አራት።

ለነገሩ ብዬ ያንን የእጅ ማሽን ቤት አመጣሁና አስያዝኩት። የማይረባ ነገር! ቦርጩ እንዲህ ወርዶ ስቡ አልቀነሰም ይላል፤ ይባስ ብሎ የቀለጠው ሥጋው ነው ይላል። መቼም የጠማው ሰው ላይ ይዋሻል፤ እንደሻው ደግሞ ዘወትር እንደጠማው ነው። ወደ ቦርሳው መለስኩት። ሜትር አይዋሽም።

ሲስመኝ አፉ በስሎ ያለፈበት የዘይቱን ፍሬ ሸተተኝ። "ጭማቂ ጠጥተህ ነው?" አልኩት። "አልጠጣሁም" አለ። ዋሸኝ ብዬ ተኮሳተርኩ። ከዚያ ደግሞ ለምን ተኮሳተርኩ ብዬ ተናደድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ከሶፋው ሳይነሳ ነው የዋለው።

እማማ ገላነሽ ዛሬም "ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳን ደሙን አላየሽውም?" አሉ። ውል አለብን፣ እማማ። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ አሁን መርፌ ባወጣ የደከመበትን ሁሉ ጥሎ ወደ ጥሬ ሥጋው ይመለሳል። አውቀዋለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 27፣ ሆሳዕና

መቶ አንድ።

አሸነፈ። በግንባሩ ላይ የሆሳዕናውን ዘንባባ እንዳሰረ ሸሚዙን ይዞ ቆመ፤ ሁለቴ ለካሁት፤ ሁለቴም መቶ አንድ። "ፈርሚ" አለኝ እየሳቀ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ከእንግዲህ ደም የሚባል ነገር የለም።" "የለም" አልኩት። እኔም አቅፌው ሳቅሁ። ስንት ዓመት ሁለት እጄ ተገናኝቶልኝ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ በጀርባው በኩል ተገናኘልኝ።

ታደሰ እንዲህ ያለ ሚስት ቢኖረው ኖሮ አልኩ በልቤ። እንዲህ ማለቴ ኃጢአት ነው፤ ግን አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 3

ሆስፒታል ነኝ። በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው፤ ኋላ እለጥፈዋለሁ።

ትናንት ስቅለት። መድኃኔዓለም። ስግደት። ከወንዶቹ በኩል ጫጫታ ሰማሁ። ሰው ወደቀ አሉ። ጾሙ ነው አሉ። ፀሐዩ ነው አሉ። ጠበል አምጡ አሉ። ሰዉን ገፍቼ ስገባ እሱ ነው።

ይተነፍሳል፤ በጣም ይተነፍሳል፤ እንደሮጠ ሰው። ያ የዘይቱን ሽታ። አሁን ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ ስኳር ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አወቅሁ፤ ጄሪካኑን፣ ሽንቱ ላይ የተሰበሰበውን ጉንዳን፣ የደበዘዘበትን የፈተና ወረቀት።

ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ጣቱን ያዝኩ። አልሸሸም። ወጋሁት። የስኳር መለኪያው ቁጥር አላወጣም። ከልኩ በላይ ሲሆንበት የሚያሳየውን ምልክት ነው ያሳየኝ። ሌላ ጣት ወጋሁ። ያው ነው። ወር ሙሉ ቁጥር ስለቅም የከረምኩ ሴት፣ ቁጥር የሌለው መልስ ይዤ ተንበርክኬ ቀረሁ።

በባጃጅ አመጣነው። አልነቃም።

አቶ ዘላለም ደወለ። ሠንጠረዡ የት ደረሰ ይላል። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑን ገለጠ። ከውጭ ደወል ይሰማ ነበር። "ፈሰከ?" አለኝ። ፈሰከ አልኩት። እጁ ላይ የተሰካውን ሲያይ "ወጋሽኝ አይደል?" አለ። "ወጋሁህ።" "ውል አፍርሰሻል።" ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ እሱም ራሴን ደባበሰኝ።

ተረኛዋ ሐኪም ልጅ ናት፤ "ሲስተር፣ ምልክት አልነበረውም?" አለችኝ። ሳትወቅሰኝ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔ የማንንም በሽተኛ ቤተሰብ እንደምጠይቀው። ነበረው አልኳት። ሁሉም ነበረው። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ሐጃ ዘይነባ፣ ልብስ ሰፊው፣ እማማ ገላነሽ። እኔ ሜትር ሳነብ ነበር።

ናፊያ የበዓሏን ልብስ ለብሳ መጣች፤ በዓሉ የእሷ ሳይሆን። እናቷ የላኩትን ሾርባ ይዛ። "ተመስገን ነው፣ ሲስተር" አለችኝ። ስለ ምንጣፉ የተናገርኳትን አስታውሼ ይቅርታ ልላት ስል ማንኪያውን አቀበለችኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ቤት ከገባን ሳምንት አለፈ። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ፤ አወጋጉን ለመደው፤ መርፌውን ሲያይ አሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የጄሪካኑ ውሃ አሁን ቶሎ አያልቅም። ሌሊት እስኪነጋ እተኛለሁ፤ ማለቴ ልተኛ እሞክራለሁ፤ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ሐኪሟ ቀስ ብሎ መክሳት እንዳለበት ነግራናለች፤ ወገቡ ዛሬም ነገም ጉዳያችን ነው። ግን እየበላ፣ ጉልበት እያገኘ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ። ይኸኛውን መክሳት ከዚያኛው መለየት አለብኝ። ለጀጎል ሴቶችም ከእንግዲህ ከሜትሩ በፊት "ውሃ ይጠማሻል? ሌሊት ትነሺያለሽ?" ብዬ ነው የምጀምረው። አቶ ዘላለም ቅጹ ላይ የለም አለ። አይኑር!

ዛሬ ጠዋት እማማ ገላነሽ ዳቦ ይዘው ገቡና እንደሻውን አገላብጠው አዩት። "እሰይ! ወፈር ብለሃል ልጄ፣ ፊትህ ተመለሰ" አሉ። እንደሻው ሰረቅ አድርጎ አየኝ፤ ጩኸቴን ጠበቀ። እኔ ዳቦውን ተቀበልኳቸው።

ሲወጡ ሜትሩን ራሱ ከመሳቢያው አወጣና ሸሚዙን ይዞ ቆመ። አዞርኩት። መቶ ሦስት።

"ስንት ነው?" አለ።

"ማሻአላህ" አልኩት በመጀመሪያ፤ ቁጥሩን ከዚያ በሹክሹክታ ነገርኩት። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ሳልጠይቀው ጣቱን ዘረጋልኝ።